ቋ ቋ የሚለውን ላክልን

ልጄ ሞላልኝ፣ በጀርመን አገርም የቤተ ልሔሟ እመቤት በጥላዋ ትከልልህ። የምናገረው እኔ እናትህ ነኝ፤ የሚጽፈው ታናሽ ወንድምህ ደምሌ ነው። የአባትህ አርባ ወጣ፣ ገብሱም ተወቃ። የጭነት መኪናውን ግን አንሸጥም።

ለሞተሩ ልትልክ ያሰብከው፣ በዘይት ራሱን የሚያስተካክለው ፑንቴሪያ፣ ያ የቫልቭ መግፊያ፣ ይቅር። እሱ ንጹሕ ዘይት ይፈልጋል፤ የኛ አቧራ አይመቸውም። በእጅ የሚስተካከለውን ላክ። ቫልቮቹን የሚጫኑት ክንዶችም የወገዳን ዳገት የሚችሉ፣ ጠንካሮቹ ይሁኑ። ደምሌ «የቫልቩን ክፍተት እንደ አባዬ በምላጭ እለካለሁ» ይላል። እኔም «መጀመሪያ ፈተናህን እለፍ» ስለው ሳቀ፤ ከቀብሩ ወዲህ ገና መሳቁ ነው።

አዲሱ ፑንቴሪያ ድምፅ የለውም ማለትህን አልወደድኩትም። የአባትህን መምጣት የማውቀው ሞተሩ ከሩቅ ቋ ቋ ሲል ነበር። ነገ ደምሌ ሲነዳውም እንዲሁ ልስማው።

እግዚአብሔር በዓይነ ሥጋ ያገናኘን።