የሰብሳቢው ካባ

ጋይንት፣ ረቡዕ፣ ኅዳር 12

ዛሬ የፓርላማው ቋሚ ኮሚቴ ክሊኒካችን መጣ። የጨረራ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት «ሪፎርሜን ጨርሻለሁ» ብሎ ሪፖርት ስላቀረበላቸው፣ እውነት መሆኑን በዓይናቸው ሊያዩ ነው።

ራጅ ሳነሣ ስለምለብሳት የእርሳስ ብረት ሽርጥ ልነግራቸው ሳምንቱን ሙሉ ስለማመድ ሰነበትኩ። ከጨረር የምትከልለኝ እሷ ብቻ ናት፤ ውስጧ ግን ተሰንጥቋል። ሽርጧን ራሷን ራጅ አንስቼ አይቻለሁ። የተቆጣጣሪው ባለሙያም አምና አይቶ «ሪፎርሙ ሲያልቅ ትቀየራለች» ብሎኝ ነበር የሄደው። እኔ ደግሞ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ።

ሽርጧን ላሳያቸው ከመስቀያው ሳወርድ፣ እንግዳ ሊቀበሉ የተጠሩት የአገር ሽማግሌ ጋሽ አየነው ከእጄ ተቀበሉኝ። ለእንግዳ የሚደረብ ካባ መስሏቸው!

«እንኳን ደህና መጡልን፤ ይልበሱት» ብለው በኮሚቴው ሰብሳቢ ትከሻ ላይ ደረቡላቸው። ሰዉ አጨበጨበ። ያ ባለሙያ አብሯቸው መጥቷል፤ እያወቀ እሱም አጨበጨበ።

«የጋይንት ክብር ከባድ ነው!» አሉ ሰብሳቢው እየሳቁ። ፎቶ ተነሡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና «የኔ ልጅ፣ የጎደለ ነገር አለ?» አሉኝ።

ጋሽ አየነው ደስ ብሏቸው ያዩኛል። በሰው ፊት እንዴት ላሳፍራቸው?

«የለም» አልኩ።

የኮሚቴው ጸሐፊ «የለም» ብሎ ጻፈ። አለቀ። ማን ይመለስበታል?

ሲሄዱ፣ እግሩ የተሰበረ ገበሬ ራጅ ሊነሣ በር ላይ ይጠብቀኝ ነበር። ሽርጧን አጠለቅኩ። የሰብሳቢው ሙቀት ገና አልለቀቃትም።