በዘርፌ እጅ የቆየው ካኑላ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4፤ ከሰዓት 9፡00
ቧንቧው ዛሬም ደርቋል። በጀሪካን ውኃ እጄን ታጠብኩ። ሳሙናው የራሴ። አልጋ 6 ዘርፌ ገባች፤ ሰባት ዓመቷ፣ የደም ካንሰር። ጎንደር ኬሞ ወስዳ ወደ ቤቷ ወገዳ ስትመለስ መንገድ ላይ ትውከት በረታባት፣ እኛ ሆስፒታል ተኛች። አባቷ መሪጌታ ናቸው። ደቀ መዛሙርታቸውን ትተው በጋቢያቸው ታቅፈው አመጧት። ለግሉኮሱ ካኑላ፣ ደም ሥር ውስጥ የሚቆየውን ቀጭን ቱቦ፣ አስገባሁላት፤ ደም ሥር የተገኘው አራተኛ ጊዜ ስወጋት ነው። አልጮኸችም። ደብተሬ፣ ምነው በጮኸች።

የጎንደር ሐኪሟ ደብዳቤ አጭር ነው። ደሟ በሽታ መከላከል አይችልም። ካኑላው በየቀኑ ይታይ፣ በሦስተኛው ቀን ይቀየር። ካተኮሳት በአንድ ሰዓት ውስጥ አንቲባዮቲክ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7
የመቀየሪያው ቀን። መርፌውን ስታይ እጇን ጋቢ ውስጥ ደበቀች። «ሲስተር፣ ዛሬን ተይኝ። ነገ እሺ እላለሁ።» ቆዳዋ ንጹሕ ይመስላል። ተውኳት። ኃላፊዬ «ተቆጣጣሪ ይመጣል፣ የክትትል ቅጹ ላይ ባዶ ሣጥን እንዳላይ» ብላለች። ቅጹ ላይ «ተቀይሯል» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ።

ዓርብ
ሥራ በዛ። አላየኋትም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9፤ ጠዋት 2፡20
ትኩሳቷ 39.4። ትንቀጠቀጣለች። ፋሻውን ፈታሁት፤ ካኑላው የገባበት ቦታ ቀልቷል፣ መግል ይዟል። ነቀልኩት። አንቲባዮቲኩን በሰዓቱ ሰጠሁ። አምቡላንስ ወደ ጎንደር ወሰዳት። መሪጌታ ሊሳፈሩ ሲሉ እጄን ያዙ፤ «ደረስሽላት ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ። ምነው በሰደቡኝ!

ሰኞ፣ ጥቅምት 11
ስብሰባ። ካኑላው በጊዜው ስለተቀየረ ኢንፌክሽኑ ከቤተሰብ ንጽሕና ጉድለት ነው ተባለ። ቃለ ጉባኤ ተያዘ። ኃላፊዬ ቅጽሽ የሚያኮራ ነው አለችኝ። «አመሰግናለሁ» ብዬ ወጣሁ። እኔ ወራዳ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13፤ ከሰዓት 10፡00
መሪጌታ ከጎንደር ደወሉ። ትኩሳቱ በርዷል፣ ዓይኗን ገልጣለች። ተመስገን። ቀጥለው ድምፃቸው ወረደ። ኃላፊዬ በስልክ ነግራቸዋለች ለካ።
«ጋቢዬ ነው አሉ፣ ልጄ። አፈር የያዘ ጋቢ። በገዛ እጄ ልገድላት! እንግዲህ አልታቀፋትም፣ ከበሩ ላይ ሆኜ ነው የማያት። ታለቅሳለች።»
በሽተኛ ጠራኝ ብዬ ዘጋሁ። የጠራኝ የለም።

ያው ቀን፣ 11፡30
ቅጹን አወጣሁ። «ተቀይሯል» የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዤ «አልተቀየረም» ብዬ ጻፍኩ፤ ስሜን፣ ፊርማዬን። ለኃላፊዬ ሰጠኋት። እንጀራሽን በእጅሽ ደፋሽው አለችኝ። ይደፋ። ስንት ሌላ ቅጽ እንዲህ እንደሞላን እሷም ታውቃለች።

አሁን እደውላለሁ። ይቅርታውን ኋላ እለምናለሁ፤ ይርገሙኝም። መጀመሪያ የምላቸው፦ መሪጌታ፣ ጋቢዎ አይደለም፣ እኔ ነኝ። ልጅዎን ይታቀፏት።