እንቁላል ቀቅሎ ለማያውቀው ባለሙያዬ

ታዴዬ፣ የቤዛ አባት፣

ጤናህን ልጠይቅህ አልችልም። ሰላም ሳይሉ ወሬ መጀመር ግን አትወድም ነበርና፣ ያለህበት ቦታ ሰላም ይሁንልህ። ከተለየኸኝ እነሆ ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ሪያድ እንደተውካት ናት። ገና በጠዋቱ ግድግዳው ይፋጃል፣ ረመዳንም ገብቷል፣ ከሰዓት በኋላ መንገዱ ጭር ይላል። እኔ ያው ራውዳ ሰፈር፣ ያው ቤት፣ ያው ምድጃ ፊት ነኝ።

ምድጃው እንኳ ያው አይደለም። ማዳም የድሮውን አስወጥታ ትልቅ አዲስ አስገብታለች። ግድግዳው ላይም ቴሌቪዥን ሰቅላለች፤ የምግብ ፕሮግራሙ ሲጀምር ወንበር ስባ መጥታ አብራኝ ታያለች። ያንተ መኪና ተሸጣለች። በግቢው በር አጠገብ የነበረችው ክፍላችን ለአዲሱ ሾፌር ተሰጥታ እኔ ጣሪያ ላይ ወዳለችው ወጥቻለሁ። ሰውዬው በራችን ላይ የተከልካትን በሶብላ አረም መስላው ነቅሎ ጥሏታል። ተጣላሁት፤ በምን ቋንቋ እንደተጣላን ግን እኔም አላውቅም። አዳማ እናትህ ቤት ያለችው ቤዛ በቁመት አያቷን በልጣለች። ለመስከረም ስምንተኛ ክፍል ትገባለች። እናትህ እግሯ የአባቷ ነው ትላለች፤ ጫማ አይበረክትላትም ማለቷ ነው።

የጻፍኩልህ ግን ለዚህ ብቻ አይደለም። ባለፈው እሁድ አንድ ነገር ሆነ፣ ሳልነግርህ መቀመጥ አልቻልኩም። ከመጀመሪያው ልጀምርልህ፤ ወሬ ከመሃል ሲጀመር አይገባህምና።

ሙያ በልብ ነው ይባላል፤ አንተ ግን የሌለኝን ሙያ ለአሠሪያችን ለከፊላችን አውጀህ፣ ሚስቴ ባለሙያ ናት ብለህ በአብሳይነት አስመጣኸኝ። ሽሮ እችላለሁ፣ ምስር ወጥ እችላለሁ፣ ዶሮ ብገነጥልም አላሳፍርም። ማዳም የምትፈልገው ግን ሌላ ነው። ገና ሳምንት ሳይሞላኝ ስልኬ ላይ ቪዲዮ ላከችልኝ፣ ይሄን ለእራት ሥሪ ብላ። በጣቶቿ ሁሉ ቀለበት የደረደረች ሴትዮ ዕቃ ታነሳለች፣ ታስቀምጣለች፣ ትስቃለች፣ አፏ አያርፍም። ከዚያ ሁሉ አረብኛ የገባኝ «ያላ»፣ ቶሎ በሉ የምትለዋ ብቻ ነበረች።

አንተ ደግሞ ወንድ ነህ፤ የማዳም እህቶች የሚወጡ የሚገቡበት ኩሽና ውስጥ እግርህን ማስገባት አይሆንም። ቀድመኸኝ አረብኛ ለምደሃልና «ለእኔ ላኪልኝ» አልከኝ። የማዳምን ልጆች ትምህርት ቤት አድርሰህ፣ በር ላይ መኪናው ውስጥ ተቀምጠህ ቪዲዮውን ታያለህ፤ ከዚያ በአማርኛ አስረድተህ ድምፅህን ቀድተህ ትልክልኛለህ። እኔ ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፌ፣ አንተን እየሰማሁ እሠራለሁ። እንቁላል እንኳ ቀቅሎ የማያውቅ ሰው ነው አብሳይ ያደረገኝ።

አቤት አስተረጓጎምህ! «ስሚ እንግዲህ፣ ሴትዮዋ ሽንኩርቱን ጣለችው። የሠርግ ሽንኩርት ነው የከተፈችው። ዘይቱን ተዪው፣ ይህች ሴትዮ ዘይት የሚገዛላት ሌላ ሰው ነው። አንቺ ግማሹን አድርጊ።» በመሃል ጥሩምባ ይጮሃል፣ አጠገብህ መኪናውን ያቆመውን ሾፌር ትሰድባለህ፣ እኔን ይቅርታ ትጠይቀኛለህ፣ ወደ ሽንኩርቱ ትመለሳለህ። አንዳንዴ ስለ ሴትዮዋ ቀለበቶች ብዙ ታወራና ዶሮው መቼ እንደገባ ትረሳዋለህ።

ማካሮኒው የተሠራበት ቀን ትዝ ይልሃል? ነጭ መረቅ ለብሶ ምድጃ ውስጥ የሚጋገረው። ሴትዮዋ ጥሬውን ትሪ ታስገባና፣ ወዲያው ደግሞ በስሎ የቀላ ትሪ ከሥር ታወጣለች። ቀድማ አብስላ ያስቀመጠችው መሆኑ ለእኔም ለአንተም አልታየንም። «ሁለት ነው የሚሠራው፣ አንዱ ቀድሞ መብሰል አለበት፣ ዘዴው እሱ ነው» አልከኝ፣ በሙሉ ልብ። ሁለት ሠራሁ። ማዳም ሁለቱን ትሪዎች ስታይ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ቀረች፤ ስንት እንግዳ ነው የጠራሁት ብላ ጠየቀችኝ። ሳቅሁ። አንዱን ለጎረቤት ላከችው፤ ጎረቤቲቱም ከዚያ ወዲህ የማዳምን ደግነት አውርታ አትጠግብም። እኛ ግን ነገሩ የገባን ከብዙ ወራት በኋላ ነው፤ አንዱ አብሳይ በክፍላችን ቴሌቪዥን ጥሬ ዶሮ አስገብቶ የተጠበሰ ሲያወጣ አይተን እርስ በርስ ተያየን። ያን ቀን የሳቅነውን ሳቅ ከዚያ ወዲህ አልሳቅኩትም።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ሥጋውን መቅመስ አልችልም። ቀማሼ አንተ ነበርክ፣ ጾም ላይ ሰነፍ ነህና። በጓሮው በር በትንሽ ሳህን አወጣልሃለሁ፤ ከጣመህ ጥሩምባውን አንዴ ትነፋለህ፣ ጨው ካነሰው ሁለቴ። ጨዉ ልክ ሆኖ ሳለ ሁለቴ የምትነፋበትም ቀን ነበር፣ ሌላ ሳህን እንዲወጣልህ። አውቅ ነበር፤ አውቄም አወጣልህ ነበር።

ከዚያ ያ ኅዳር መጣ። ደረቴን ወጋኝ ብለህ ሆስፒታል ገባህ፣ በእግርህ አልወጣህም። ስለዚህ ብዙ አልጽፍም፤ እስካሁን ልነካው አልደፍርም። ከፊላችን ክፉ ሰው አይደለም፣ አስከሬንህን ለአገርህ አበቃልኝ፣ እኔንም አብሮ ሸኘኝ። አዳማ አባትህ አጠገብ አረፍክ። አርባህን አውጥቼ ተመለስኩ። እንዴት ጨክነሽ ትመለሻለሽ ያሉኝ ነበሩ። የጨከንኩት ለቤዛ ነው፤ ትምህርት ቤቷ የሚከፈለው ከዚህ ነውና።

ማዳም ስታየኝ አቅፋኝ አለቀሰች። ሰው ግን መብላት አይተውም፣ ትንሽ ቆይታ ቪዲዮ ላከችልኝ። እንደ ልማዴ ተቀብዬ ወደ አንተ ስልክ አሳለፍኩት። ከላክሁት በኋላ ነው ወደ ልቤ የተመለስኩት። የአንተ ስልክ አዳማ፣ እናትህ ቤት፣ ተዘግቶ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። እዚያው ኩሽናው ወለል ላይ ቁጭ አልኩ።

ከዚያ ወዲያ አንተ ያስረዳኸኝን ብቻ ሆነ የማበስለው። ሩዙን፣ ማካሮኒውን፣ የምስር ሾርባውን። በቃሌ አውቃቸዋለሁ፤ ድምፅህን ሳልከፍት ግን ሽንኩርት አልልጥም። ማዳም ወራት ታገሰችኝ። ያለፈው ረመዳን ሲቃረብ ግን ጠራችኝና፣ ሳትቆጣ፣ ምግቡ ሁሌ አንድ ዓይነት ሆነብን፣ የምልክልሽን አትሠሪውም፣ እንዲህ ከሆነ ከዒድ በኋላ ሌላ አብሳይ አመጣለሁ፣ ኸላስ፣ በቃ አለችኝ። ሌላ አብሳይ መጣ ማለት እኔ አገሬ ገባሁ ማለት ነው፣ ቤዛም ከምትወደው ትምህርት ቤት ወጣች ማለት ነው። ምን እንደማደርግ ጨነቀኝ።

ቀጥሎ የላከችው ጀሪሽ የሚባለውን ነበር። ብቻዬን ከፈትኩት። ድምፁን ዘጋሁት፣ እጇን ብቻ ልይ ብዬ። ሴትዮዋ የተከካ ስንዴ አጠበች፣ ቀቀለች፣ እርጎ ጨመረችበት፣ አማሰለች። ታዴ፣ ቅንጬ ነው! እርጎ አልብሰው ስም አወጡለት እንጂ የኛው ቅንጬ ነው። እንደ ቅንጬ ሠራሁት፣ ሽንኩርት አቁላልቼ ላዩ ላይ ጣል አደረግሁበት። ማዳም ቀመሰችና ማሻአላህ አለች፣ ደገመች። ዒድ አልፎ ሌላ አብሳይ አልመጣም።

ከዚያ በኋላ ድፍረት አገኘሁና ድምፁንም ከፈትኩት። ቃሉ አንድ አንድ እያለ ይገባኝ ጀመር። አንድ ቀን አንድ ሙሉ ቪዲዮ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረዳሁ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ድስቱን ከእሳት አውርጄ አለቀስኩ። አስተርጓሚ አያስፈልገኝም ማለት ነዋ! አንተ እዚህ ቤት የቀረህ ሥራ እሱ ብቻ ነበር፣ እሱንም ቀማሁህ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፅህን መክፈት ፈራሁ። ሥራ የሌለው ድምፅ ልቅሶ ብቻ ይሆንብኛል ብዬ ፈራሁ።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ነው ጨክኜ የሩዙን የከፈትኩት። ቪዲዮውንም ፈልጌ አገኘሁና፣ እሷ የምትለውንና አንተ የምትለውን ጎን ለጎን ሰማሁ። ወይ አንተ ሰውዬ! ሴትዮዋ ሩዙ አስቀድሞ ውሃ ውስጥ ይዘፍዘፍ፣ አለዚያ ይያያዛል እያለች አጥብቃ ትናገራለች። አንተ «እዚህ ላይ ብዙ አወራች፣ ስለ ልጆቿ ይመስለኛል፣ ለሥራው አያስፈልግሽም» ትለኛለህ። ለካ ሩዜ እየተያያዘ የኖረው ለዚህ ነው! እሷ የቅመም ዓይነት ስትደረድር አንተ «ኮረሪማ በይበት» ብለህ ታልፋለህ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ሴትዮዋ ኮረሪማን የት ታውቀዋለች? ለስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ስትናገርም አልያዝከውም መሰል፣ «ክዳኑን ግጠሚና አባታችን ሆይ አሥራ ሁለት ጊዜ ድገሚ፣ እመቤቴንም ጨምሪ፣ ከዚያ ክፈቺው» ብለሃል። እኔም ሞኟ፣ ይህች ሴትዮ አባታችን ሆይን ከየት አመጣችው ሳልል፣ በሪያድ ኩሽና ድስት ፊት ቆሜ በሆዴ ስደግም ኖሬአለሁ።

የሚገርምህ፣ ይህ ቤት ከሁሉ አስበልጦ የሚወደው ያንን ሩዝ ነው። ማዳም ቪዲዮውን ለእህቶቿ ልካላቸው ነበር፤ እንደ እኔ አልመጣ አላቸው። እንዴት ይምጣ? የሠራነው ያንተን እናት ሩዝ ነዋ፤ ባልገባህ ቦታ ሁሉ እናትህ የምታደርገውን ሞልተህበታል። ብቻዬን እየሳቅሁ ውሸታም ብዬ ሰደብኩህ፤ የሰማህ ከሆነ ከልቤ አይደለም።

ያን ሳቅ ለብቻዬ ልበላው አልቻልኩም፤ ድምፅህን ለቤዛ ላክሁላት። ልጅህ እኮ አታውቅህም፣ ታዴ። የምታውቀው በስልክ «ደህና ነሽ? አያትሽን እንዳታስቸግሪ፣ በርትተሽ ተማሪ» የሚላትን ሰው ነው፤ ከዚያ መስመሩ ይቆረጣል። ስትስቅ፣ ስትሳደብ፣ ስታጋንን ሰምታህ አታውቅም። ከላክሁላት በኋላ ስለሱ አንድ ቃል ሳትነግረኝ ቆየች። ስደውል ስለ ፈተና ታወራኛለች፣ እኔም ደፍሬ አልጠይቃት። ቁስሏን ነካሁባት ይሆን እያልኩ ሥራ እየሠራሁ ልቤ አዳማ ይውላል።

ባለፈው እሁድ ፎቶ ላከችልኝ። ሩዝ ነው፣ በትልቁ ሳህን። ዶሮ ተወዷል ብላ በድንች ሠርታዋለች። እናትህ ደውላ ነገረችኝ። ስልኩን ድስቱ አጠገብ አስቀምጣ፣ አንተ ጨምሪ ስትል ጨምራ፣ እሳት ቀንሺ ስትል ቀንሳ፣ ሾፌሩን ስትሰድብ በሳቅ ሞታ ነው ቤዛ የሠራችው። ጸሎቱ ላይ ስትደርስ እናትህ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳችና ሁለቱም ድስቱ ፊት ቆመው ደገሙት። የልጄን ድምፅ ስሰማ በሕይወት ያለ መሰለኝ አለችኝ። አብረን አለቀስን።

ከፎቶው ሥር ቤዛ አንድ ጥያቄ ጽፋልኛለች። «እማዬ፣ አባዬ ሪያድ ሥራው ምግብ ማብሰል ነበር እንዴ?» ትላለች።

ሾፌር ነበር ብዬ ልጽፍ ጀምሬ ነበር። ማንኪያና ጭልፋ አይለይም ልላትም ቃጥቶኝ ነበር። ታዴ፣ እኔ እንደነበርክ አድርጌ አስታውስሃለሁ፤ ጾም የሚሰለቸውን፣ ያልገባውን ገባኝ የሚለውን፣ በሳቅ ሆዴን የሚያሳምመኝን ሰው አንዱንም ሳላስተካክል እይዘዋለሁ፣ አንተ ዘንድ እስክመጣም አልጥለውም። የቀሩትንም ድምፆችህን አንድ በአንድ ለቤዛ እልካለሁ፣ ስህተትህን ሳላርም። ልጄ ግን አባቷን ገና አሁን ማግኘቷ ነው፣ እንዴት ብዬ እቀንስባታለሁ? ደግሞስ እውነቱን እናውራ፣ እዚህ ቤት ስንት ዓመት የተበላው የማን ምግብ ነው?

«አዎ ልጄ» ብዬ ጻፍኩላት። «አብሳዩ አባትሽ ነበር። እኔ እሱ ያለኝን ነው የማደርገው።»

ያንተው አልጋነሽ
ሪያድ፣ ራውዳ