ከማሳችን ዋግ ውስጥ የተገኘው ወርቅ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለወለተሐና ገብረመንፈስቅዱስ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? የዚያ አገር ብርድ እንዴት ይዞሻል? ሳሉስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ጠዋት ጠዋት ይነሣብሻል? ብቻሽን መብላቱንስ ለመድሽው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ እኛ ስልሽ አባባንና እኔን ማለቴ ነው። ቤቱ ሰፍቶብናል። ከሁለታችን ሌላ የሚያስነጥስ ሰው እንኳ የለበትም።

ያን ዕለት ስትደውዪ ነገርሽን ሳትጨርሺ ስልኩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ብሞክር ብሞክር እምቢ አለኝ፤ ደብረ ብርሃን ድረስ ሄጄም አልሆነልኝም። ስለዚህ የጠየቅሽኝን በደብዳቤ ልመልስልሽ። ከዘንድሮው ናሙና ጋር አድርጎ የሚልክልኝ የግብርና ተመራማሪው ፈንታሁን ነው።

በትክክል ሰምቼሽ እንደሆነ ልድገመው። አምና ከስንዴው ቅጠል አራግፈን የላክንልሽን የዋግ በሽታ ቢጫ ብናኝ በየብልቃጡ አሽገሽ፣ መሥሪያ ቤታችሁ ከሚመረምራቸው ከባሕር ወለል የወጡ ጥቋቁር ድንጋዮች ጋር የኑክሌር ማብላያው ውስጥ አስገባሽው። ኒውትሮን ሲያገኘው ድንጋዩም ብናኙም በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ሁሉ የየራሱን ጨረር ያወጣል፤ አንቺም በጨረሩ ማንነቱን ትለያለሽ። ከሌሎቹ ማሳዎች ብናኝ ዚንኩም ኮባልቱም እንደጠበቅሽው ተገኘ። ከእኛ ማሳ ብልቃጥ ግን ወርቅ ወጣ። አለቃሽም ቀለበት ያደረገ እጅ ነክቶታል፣ ናሙናው ተበላሽቷልና ይጣል አሉ። ማን ነበር ያራገፈው ብለሽ ስትጠይቂኝ ነው መስመሩ የተቋረጠው።

እማዬ ናት፣ እህቴ።

እኔ ብናኙ የሚራገፍበትን ወረቀት ይዤ ተንበርክኬ ነበር። ጓንት አድርጊ ብላት «ጓንት አድርጌማ ቅጠሉ አይታወቀኝም» ብላ አውልቃ ጣለችው። ደብረ ብርሃን ስታስተምሪ በመጀመሪያ ደመወዝሽ የገዛሽላት የወርቅ ቀለበት ጣቷ ላይ ነበር፤ ያ ሰፍቷት ክር የጠመጠመችበት። ቅጠሉን በጣቶቿ መሃል እየሳበች ስታራግፍ ቢጫው እስከ ክርኗ ወጣ። «እህትህ እኮ እህላችንን የበላውን ሌባ ፈረንጅ አገር ወስዳ ልታናዝዘው ነው» እያለች ትስቅ ነበር። በየካቲት እሷን ስንቀብር፣ አንቺም ፈቃድ አጥተሽ በስልክ ስታለቅሺ፣ ያን ብናኝ ያራገፈችበትን ቀን ማን ያስታውሰዋል? ቀለበቱን አባባ አስቀምጠውልሻል።

የወርቁን ነገር ለአባባ ነገርኳቸው። ከአርባዋ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም አይወጡም፤ ንግግራቸውም «በላህ?» እና «በሩን ዝጋው» ብቻ ሆኗል። ሰምተው «አሁንም እዚያው አለ?» አሉኝ። ኒውትሮን ያገኛት ጥቂቷ ክፍል ወደ ሜርኩሪነት እንደምትለወጥ፣ ጨረሩም እየደከመ ሄዶ እንደሚጠፋ አስረዳኋቸው። «የቀረውስ?» አሉ። የቀረው ወርቅ እንደሆነ ይኖራል አልኳቸው። «እንግዲያው አለቃዋ ልክ ናቸው፤ ከስሌቷ ታውጣው። ብልቃጡን ግን አትጣለው በላት» አሉኝ። ሳልጨምር ሳልቀንስ አድርሻለሁ። ማስቀመጡ ክልክል ከሆነም አትጨነቂ፤ ለእሳቸው የምለውን እኔ አላጣም።

ጎረቤታችን እትዬ ንጋቷ ደግሞ የባሕሩ ድንጋዮች በሚሊዮን ዓመት ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ እንደሚያድጉ ስነግራቸው፣ «ታዲያ ያን ያህል ዘመን ብቻቸውን ጨለማ ውስጥ ኖረው፣ አሁን ምን ቢፈልጓቸው አወጧቸው?» አሉኝ። ኬሚስትሪ አስተማሪ ብሆንም ያሰብኩት ስለ ድንጋዮቹ አልነበረም። ወዲያው አንቺ ትዝ አልሽኝ።

ዘንድሮ ዋጉ ቀደም ብሎ ገባ። ጓንቴን አድርጌ ብቻዬን ወደ ማሳው ወረድኩ። ሥራው ግን የሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ሲያራግፍ ሌላው ወረቀቱን መያዝ አለበት። ጥግ ጥጉን በድንጋይ አስይዤ ባራግፍ፣ ከገደሉ የሚመጣው ነፋስ ብናኙን ጠርጎ ወሰደብኝ። ደግሜ ሞከርኩ፣ ያንንም ወሰደው። የማሳው ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ። በቀብሯ ቀን ሰው ሳስተናግድ ዋልኩ እንጂ አልቅሼ አልነበረም።

ቀና ስል አባባ ከዘራቸውን ይዘው ቁልቁለቱን ቀስ እያሉ ይወርዳሉ። ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉና ጋቢያቸውን በነፋሱ በኩል ሰቀሉበት፤ ከዚያ ተንበርክከው ወረቀቱን ያዙ። «አራግፍ» አሉኝ። ብልቃጡ እስኪሞላ እኔ አራገፍኩ፣ እሳቸው ያዙ። ስንጨርስ ቢጫ የሆነውን መዳፋቸውን ላስታጥባቸው ውኃ ባነሣ «ቆይ» አሉኝ። እጃቸውን እንደዘረጉ እስከ ቤት ድረስ ሄዱ።

አባባ ቸርነቱ አይለይሽ ይሉሻል። እትዬ ንጋቷ እንደናፈቀችኝ ንገራት ብለውኛል፤ ፈንታሁንም ሰላም ብሎሻል። ለአለቃሽም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። የዘንድሮው ብናኝ ንጹሕ ነው፣ ወርቅ የለበትም በያቸው።

ናፋቂ ወንድምሽ
ቃለ አብ ገብረመንፈስቅዱስ
አንኮበር፣ ጥቅምት ፳፫ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.