ለምርቃት የላክሁት ማንጎ

ሰኞ

መጥሪያው መጣ። ሙሉጌታ ወልዲያ ከተማ ተቀምጦ በአባቱ ውክልና ከሶኛል። የማንጎውን እኩሌታ አምጪ ነው የሚለው። ፈርሜ ተቀበልኩ።

መሬቱ የአባቱ የአባባ ደምሌ ነው፤ ማን ካደ? ባሌ ሰይድ በእኩል ሊያርሰው ሲዋዋል ወረቀቱ ላይ «ከመሬቱ የሚገኘውን እኩል እንካፈላለን» ተባለ። ጤፉንም በቆሎውንም እየተካፈልን ኖርን። ማንጎውን ግን ሰይድ ራሱ ነው ቦዩ ዳር የተከለው። አባባ አንድ ቀን ድርሻዬ ብለው አያውቁም። ሰይድ ከሞተ ወዲህ እኔንና ልጆቼን ያቆመን ማንጎው ነው።

ማክሰኞ

ከመንደራችን ከግራና ወደ መርሳ ከተማ ወርጄ ጠበቃ አናገርኩ። ወረቀቱ ማንጎውን ካልለየ ዳኛ የሚያየው እንዴት ስትሠሩበት እንደኖራችሁ ነው አለኝ። ደስ አለኝ። ቀጥሎ «ከማንጎው ሰጥተሻቸው ታውቂያለሽ?» አለ።

ይሄም ይጠየቃል? በየዓመቱ የመጀመሪያውን ዘንቢል ለአባባ እልካለሁ። እሳቸው ሳይመርቁት ቤቴ ማንጎ አይቀመስም። እሸት የትልቅ ሰው ነው። ሙሉጌታ ለካ ያንን ዘንቢል ክሱ ላይ «ድርሻ» ብሎ ጽፎታል! እኩል ማለት አንድ ዘንቢል ነው እንዴ? አላህ ይይለት።

ጠበቃው ድርሻ ነው እንዳይባል ክሱ እስኪያልቅ እንዳትልኪ አለኝ።

ሐሙስ

ማንጎው ደረሰ። አልላክሁም። ልጆቼ ቢስሚላህ ብለው በሉ፤ እኔ ግን አልቀመስኩም።

ከሰዓት ጎረቤቴ ሐሊማ ከአባባ ዘንድ መጣች። ስለ ክሱ የሰሙት ነገር የለም። ውክልናውን የሰጡት ለመሬት ግብር መስሏቸው ነው። «ጦይባን ምን አስቀየምኳት?» ይላሉ አለችኝ። ምን ልበል? ጠበቃ ከለከለኝ ይባላል? በሬን ዘግቼ አለቀስኩ።

በሳምንቱ ረቡዕ

ችሎት ዋልን። ጠበቃዬ አባባን በምስክርነት አስጠርቷቸው ነበር፤ ክሱንም ያወቁት መጥሪያው ሲደርሳቸው ነው። ከዘራቸውን ይዘው ብቻቸውን ገቡ። ልጃቸውን ዞር ብለውም አላዩት።

ዳኛዋ ማንጎውን እንደ ድርሻ ነበር ወይ የሚቀበሉት ብለው ጠየቋቸው።

«የምን ድርሻ? ልጄ እሸት ታቀምሰኛለች፣ እመርቃታለሁ» አሉ። ሙሉጌታ አንገቱን ደፋ። ጠበቃዬ በደስታ ክንዴን ጨበጠ።

«አቋርጣ ታውቃለች?» አሉ ዳኛዋ።

አባባም «አታውቅም። ዘንድሮ ግን እኔንም ከሙሉጌታ ጋር ቆጠረችኝ» አሉ።

ፍርዱ ለማክሰኞ ተቀጥሯል። ይፈረድልሻል ይሉኛል። እኔ እሳቸውን ቀና ብዬ ማየት አቅቶኝ በሌላው በር ወጣሁ።