በስፖርት አዳራሹ ወለል ላይ የቀረው ወንዝ

ውድ አንሰልም፣

ስምንት ዓመት ሙሉ ልጽፍልህ እየተነሳሁ ከስምህ አልፌ አላውቅም። ዛሬ ግን አለፍኩ። መሃል ላይ ስትደርስ ቀደህ ብትጥለው አልቀየምም።

አስቀድሜ ስለ ወለሉ ልንገርህ። አንተ ከሄድክ በኋላ የስፖርት አዳራሹን ወለል ሁለት ጊዜ ፍቀው ቫርኒሽ ቀቡት። ልጆቹ የሳሉት ወንዝ ግን ጨርሶ አልለቀቀም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ ሰማያዊው ከእንጨቱ ሥር ብቅ ይላል። ያሁኖቹ ልጆች ስለዚያ ቀን የሚያውቁት ነገር የለም፤ ትንንሾቹ ያኔ አልተወለዱም። ሆኖም ሲሮጡ ወንዙ የሚታጠፍበት ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው ያልፋሉ። ኳስ ከገባ ማንም አይከተለውም፤ ራሱ ተንከባሎ እስኪወጣ ቆመው ይጠብቃሉ። አንዲቱን የሁለተኛ ክፍል ልጅ «ለምን አትገቢም?» አልኳት።

«እንጃ» አለችኝ። «እዚያ ጋ ይበርዳል።»

ከዚያ ወዲህ አዳራሹ ውስጥ ብቻዬን መቆም አልችልም።

ርዕሰ መምህራችን ሚስስ ፕሩት «ከእንግዲህ ሥነ ጥበብ ለብቻው አይሰጥም፤ በሁሉም ትምህርት ውስጥ ይገባል» ብላ ስድስተኛ ክፍልን ለሁለታችን ስትሰጠን፣ እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሴት ነበርኩ። አንተ የሥነ ጥበብ መምህር፣ ለከተማው አዲስ ነህ። በመጀመሪያው ቀን ከበሮ ታቅፈህ ክፍሌ ገባህ።

«ሠርግ አለ እንዴ?» አልኩህ በልጆቹ ፊት።

«አለ እንጂ! ግማሽ ሩብን ሊያገባ ነው» አልክ።

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። እኔ አልሳቅኩም። በጥቅምት፣ ክፍልፋይ አልገባ ብሏቸው ሁለት ዓመት ያስለቀሱኝ ልጆች በከበሮ ምት እየቆጠሩ ሲመልሱ አየሁ። አመስግኜህ ማለፍ ሲገባኝ አንገበገበኝ። ማታ ማታ ለባሌ «ልጆቼን ወሰደብኝ» እያልኩ አማርርህ ነበር። አንተ ግን ጠዋት ጠዋት ለሁለታችን ቡና ገዝተህ ትገባ ነበር።

የወንዙን ሥራ ያመጣኸው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ልጆቹ ከድልድዩ እስከ ወረቀት ፋብሪካው ያለውን ወንዝና ዳርቻውን በእርምጃ ለኩ፤ ሃያውን እርምጃ ወደ አንድ አሳጥረው ወለሉ ላይ ሳሉት። ከዚያም እያንዳንዱ የራሱ የሚለውን አንድ ቦታ መርጦ፣ ርቀቱን አስልቶ፣ በወላጆች ፊት በእንቅስቃሴ ወይም በድምፅ እንዲያሳይ አዘዝናቸው። ለክተው ሲመለሱ ጫማቸው ጭቃ፣ ጉንጫቸው ቀይ ነበር። እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

ኮራሊ ወሌት ከማሳያው በፊት በነበረው ቀን ስሌቷን ይዛ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች። ታውቃታለህ፤ ያቺ ድምጿ የማይሰማ ልጅ።

«ሚስስ ፔልኪ፣ ቦታው የግድ መሬት ላይ መሆን አለበት?»

«የትም ይሁን። ብቻ ስሌቱ ልክ ይሁን።»

ወረቀቷን ተቀበልኩ። ወንዙ ከሚታጠፍበት፣ ከዳር ወደ ውስጥ ስልሳ እርምጃ። ወለሉ ላይ ሦስት ይሆናል።

አንሰልም፣ ያን ቦታ የማያውቅ ሰው በከተማችን አልነበረም፤ ካንተ በቀር። ከሁለት ክረምት በፊት ወንዙ ላይ የጋገረው በረዶ ከእግሩ ሥር ተሰንጥቆ ታላቅ ወንድሟን ሬሚን የወሰደበት ነው። ገና ሳየው አወቅኩት። በቀይ እስክሪብቶዬ «ልክ ነው» ብዬ ጻፍኩና መለስኩላት፤ ላንተ ትንፍሽ አላልኩም። ዘንግቼው እንዳይመስልህ። «ነገ የከበሮ ትምህርቱ ጉድ ይፈላል፤ እናያለን» ብዬ ነው። ልክ በዚህ ቃል ነው ያሰብኩት።

በማግስቱ የሆነውን አይተሃል። ኮራሊ ጫማዋን አወለቀች፤ ሦስት እርምጃ ቆጥራ ሰማያዊው ላይ በጀርባዋ ተኛች። አባቷ ከወንበሩ ሲነሳ በእጅህ «ቆይ» አልከውና ዳር ላይ ወለሉ ላይ ተቀመጥክ። ከዚያ ልጆቹ ማንም ሳያዛቸው አንድ በአንድ እየመጡ ወንዙን ከበው ተቀመጡ። ኮራሊ አንድ ጊዜ ብቻ «ሬሚ!» ብላ ጮኸች። እንደዚያ ያለ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር።

«ልጄን እንደ ሬሳ ያስተኛት ማነው?» አለ አባቷ። «ትምህርት የምትሉት ይሄን ነው?»

ሚስስ ፕሩት ቢሮዋ ጠራችን። አንተ ከጎኔ ተቀምጠሃል።

«ማርገሪት፣ እውነቱን ንገሪኝ። ልጅቷ ያን ቦታ እንደመረጠች ቀድሞ የሚያውቅ ነበር?»

«እኔ የማየው ሒሳቡን ብቻ ነው» አልኩ።

ዞር ብለህ አየኸኝ። በሰኔ ውልህ ሳይታደስ ቀረ፤ ከበሮዎቹም ዕቃ ቤት ገቡ። እኔም ሒሳቤን እንደ ድሮዬ፣ በሰሌዳና በጠመኔ፣ ማስተማር ቀጠልኩ። ማንም አልወቀሰኝም፤ እንዲያውም «ተርፈሻል» አሉኝ።

ባለፈው ወር ኮራሊ መጣች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ መምህርነት እየተማረች ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ክፍሌን አንኳኩታ ገባች።

«ሚስተር ቲቦዶን ፈልጌ ነበር» አለች፤ አንተን ማለቷ ነው። «ያኔ ልነግረው ስል ሄደ። ሬሚ መሞቱን ያመንኩት እኮ የዚያን ቀን ነው። እስከዚያ ራት ሲቀርብ ሳህኑን አወጣለት ነበር። በኋላ አባቴም አብሮኝ ማልቀስ ቻለ። ምን አጥፍቶ ነው ያባረሩት?»

ነገርኳት። የቀይ እስክሪብቶውንም፣ የልቤንም። ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ የተማሪ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«እኔን ግን» አለች በመጨረሻ፣ «እኔን ለምን ማንም አልጠየቀኝም?»



ባለፈው ሐሙስ በትምህርት ቤቱ ቦርድ ፊት ቆሜ ይህንኑ ሁሉ ከወረቀት አነበብኩ።

«ሚስስ ፔልኪ፣ ይሄ እኮ ስምንት ዓመት አልፎታል» አለኝ ሰብሳቢው።

«እኔን አላለፈኝም» አልኩት።

ያነበብኩትን ከማኅደርህ ጋር አያይዘውታል። ሌላ ነገር እናደርጋለን አላሉም።

በባሕር ዳርቻዋ ኖቫ ስኮሺያ ጀልባዎች ላይ ስማቸውን በመጻፍ እንደምትተዳደር ሰማሁ፤ አድራሻህንም አገኘሁ። ለኮራሊ ግን አልሰጠኋትም። አንተ ሳትሰማ በስምህ ላይ ሁለተኛ እጄን አላነሳም። ልታይህ ትፈልጋለች፤ ፈቃድህ ከሆነ ስልኳን በወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሃለሁ።

ይቅር በለኝ አልልህም። አብሬያትም አልመጣም። ነይ ካልካት፣ በሩን ስትከፍት ብቻዋን ነው የምታገኛት።

ማርገሪት ፔልኪ