ሙና ያልሰማችው ፊሽካ

ከሚሴ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ለባለቤቴ ለዘሃራ፣ ጅዳ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናሽ እንዴት ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ዝናቡ ዘግይቶብን በጨፋ ሜዳ ያለንን ማሽላ ገና አሁን ነው የዘራነው።

ይህን በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን ስንደዋወል ልጃችን ሙና ከጎኔ አትጠፋም፤ ባትሰማም ከከንፈሬ ላይ ታነበዋለች። ስለዚህ ጽፌ ለሐጅ በሚመጣው በጎረቤታችን በሸረፈዲን እጅ ላክሁልሽ።

ለትምህርት ቤቶች ውድድር መቶ ሜትር እንድትሮጥ መመረጧን ታውቂያለሽ። አሠልጣኟ ካሚል ክረምት ከበጋ ነጭ ጨርቅ እያውለበለበ ሲያስጀምራት ነው የከረመው። ዳኛውንም ቀድሞ፣ "ልጅቷ አትሰማም፤ ፊሽካውን ሲነፉ ከፊቷ ቆመው እጅዎን ያንሱላት" ብሎ ለምኖት፣ እሺ ብሎ ነበር።

በዕለቱ ዳኛው ከሯጮቹ ኋላ ቆሞ ነፋ። እጁንም አላነሳም። ሌሎቹ ሲፈተለኩ አይታ ነው የተነሳችው። ወላሂ ዘሃራ፣ እንደዚያ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም! አንድ በአንድ እየቀደመቻቸው ሦስተኛ ወጣች። ወደሚቀጥለው ዙር የሚያልፉት ግን ሁለት ብቻ ናቸው።

ካሚል ቢጮህ የውድድሩ ኃላፊ፣ "ፊሽካው ለሁሉም እኩል ነው የተነፋው" አለው።

"ለማትሰማ ልጅ እኩል የሚባል ፊሽካ አለ ወይ?" አልሁት እኔ።

"አባት፣ መሳተፏም ቀላል ነገር አይደለም" ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ውድድሩ ሲያበቃ "አካል ጉዳተኝነት አለመቻል አይደለም" የሚል ባነር አስይዘው ፎቶ አነሷት። ፈገግ በይ ብለው በእጅ አሳዩዋት። ያኔ እጅ ማንሳት አላቃታቸውም!

ከዚያ ወዲህ የሩጫ ጫማዋን አልነካችም። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ተይ ውጪ" ልላት ስል ፊቷን ታዞራለች። ፊቷን ካዞረች ደግሞ ማናገሪያ የለኝም።

ትናንት ራሷ መጥታ በምልክት፣ "አባ፣ ፓስፖርት አውጣልኝ፤ እናቴ ጋ ልሂድ" አለችኝ።

"ሳትሰሚ የሰው ቤት እንዴት ትሠሪያለሽ?" አልኋት።

"ዕቃ ለማጠብ ጆሮ ምን ያደርጋል? እናቴ በቪዲዮ ስትደውል እየሳቀች ድንገት ወደ ኋላ ዞራ ትሸማቀቃለች። እኔን ቢሰድቡኝ አልሰማም" አለችኝ።

እኔ ጆሮ ያለኝ ሰውዬ፣ "ደህና ነኝ" ስትዪኝ አምኜ ተቀምጫለሁ።

አላህ ከክፉ ሰው አፍም እጅም ይጠብቅሽ፤ ያገናኘን፣ አሚን። ስትደውዪ ለእኛ ብለሽ አትሳቂ።

ባልሽ ቃሲም